መብራቱ በርቷል፤ ፍሬኑስ?



የዛሬው ርዕስ ሲሰሙት የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። መኝታውንና ማዕድ ቤቱን ይዞ የሚጓዘው ረጅሙ መኪና፣ ሞተርሆም የምንለው፣ ከኋላው ተሳቢ ሲጎትት በሁለቱ መካከል የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር እንዴት መሠራት አለበት የሚል ነው። በአሜሪካ ሞተርሆም ይዞ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶውን አይወጣም፤ ጀልባ፣ ሞተር ሳይክል ወይም ደርሶ የሚንቀሳቀስበትን ትንሽ መኪና በተሳቢ ጭኖ ያስከትላል። ተሳቢው ከተገጠመ በኋላ የሚደረገው ፍተሻም የታወቀ ነው። አንዱ መሪው ዘንድ ይቀመጣል፣ ሌላው ከኋላ ይቆማል። ግራ ፍሬቻ፤ በርቷል። ቀኝ ፍሬቻ፤ በርቷል። ፍሬን ርገጥ፤ በርቷል። በቃ፣ ጉዞ ይጀመራል። እኔ ዛሬ የምሟገተው ይህ ፍተሻ መረጋገጥ ከሚገባው ውስጥ ትንሹን ብቻ እንደሚያረጋግጥ ለማሳየት ነው። መስመሩ በተለምዶ የመብራት መስመር ይባል እንጂ በሥራው የፍሬን አካል ነው። መመዘን ያለበትም ከባድ ከረንት ሲጠየቅ ምን ያህሉን ያደርሳል በሚለው ነው።

በማኅበረሰባችን ውስጥ በከባድ መኪና ሹፌርነት የሚተዳደሩ ብዙ ስለሆኑ ከእነሱ ሙያ ልነሳ። የከባድ መኪና ተሳቢ ፍሬን የሚሠራው በአየር ነው። ከፊተኛው መኪና ወደ ተሳቢው ሁለት የአየር ቱቦዎች ይሄዳሉ፤ ሰማያዊው ሹፌሩ ሲረግጥ ፍሬኑን ያሲዛል፣ ቀዩ ተሳቢውን በአየር ይመግባል። ቀዩ ቱቦ ቢበጠስ ፍሬኑ በራሱ ጊዜ ይይዛል፣ ተሳቢውም ይቆማል። ብልሽት ሲደርስበት ወደ መቆም የሚያደላ ሥርዓት ነው ማለት ነው። ሞተርሆም የሚጎትታቸው ተሳቢዎች ግን ፍሬን ካላቸው በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ደግሞ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ከረንት ሲመጣ ይይዛል፣ ከረንት ሲጠፋ ይለቃል። ሽቦው ቢበጠስ፣ ሶኬቱ ቢዝግ፣ ፊውዙ ቢቃጠል ተሳቢው ፍሬን አልባ ሆኖ መንከባለሉን ይቀጥላል። በአየር ፍሬን ዓመታት የሠራ ሹፌር ይህን ልዩነት ካላሰበበት የኤሌክትሪኩን መስመር ከሚገባው በላይ ያምነዋል። በእኔ አስተያየት ለዚህ ሽቦ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ አንድ ባሕርይ ነው።

እስቲ ታምቡሩን ከፍተን ውስጡን እንየው። በእያንዳንዱ ጎማ ታምቡር ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ማግኔት በክንድ ጫፍ ላይ ተገጥሟል። ከረንት ሲደርሰው ከሚሽከረከረው የታምቡሩ የውስጥ ገጽ ጋር ይጣበቃል፤ ታምቡሩ ይዞት ሊዞር ሲል ክንዱን ይገፋዋል፤ ክንዱ የፍሬን ሸራዎቹን ይከፍታል፤ ሸራዎቹ ታምቡሩን አንቀው ይይዛሉ። የማግኔቱ ጉልበት የሚወሰነው በሚደርሰው ከረንት ነው። ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች ታምቡር ላይ አንዱ ማግኔት በ12 ቮልት 3 አምፔር ያህል ይወስዳል። ሁለት አክስል ያለው ተሳቢ አራት ማግኔት ስላለው ድምሩ 12 አምፔር ነው። ከዚህ ጋር የመብራቱን ፍላጎት አስተያዩት። ባለ ክር የፍሬን አምፖል 2 አምፔር ገደማ ይበቃዋል፤ ኤልኢዲ ከሆነ ደግሞ ከ1 አምፔር በብዙ ባነሰ ይበራል። ከኋላ ቆሞ «በርቷል» የሚለው ሰው የመሰከረው መስመሩ ያችን ጥቂት ከረንት ማሳለፉን ነው።

አሁን ሞተርሆም ከሌሎች ጎታቾች የሚለይበትን ነገር፣ ርዝመቱን፣ እንጨምርበት። ፒክአፕ ከዳሽቦርዱ እስከ መጎተቻው ጥቂት ሜትር ነው፤ ትልቅ ሞተርሆም ግን 12 ሜትር ይደርሳል። የተሳቢው ፍሬን መቆጣጠሪያ ከፊት፣ ሹፌሩ እጅ አጠገብ ይገጠማል። ከዚያ ተነስቶ በሻንሲው ሥር አልፎ፣ በሶኬቱ ተሻግሮ ተሳቢው አክስል ድረስ ያለው መንገድ 18 ሜትር ቢሆን አይደንቅም፤ ከረንት ደግሞ ሄዶ የሚቀር ስላልሆነ ያንኑ ያህል ይመለሳል። አራቱ ማግኔቶች በአንድነት 1 ኦም ያህል ተቃውሞ አላቸው። ሽቦው በአሜሪካ አቆጣጠር ቁጥር 14 ከሆነ፣ ማለትም 2 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ መዳብ፣ የ36 ሜትሩ ደርሶ መልስ ሌላ 0.3 ኦም ይጨምርበታል። 12 ቮልትን ለ1.3 ኦም ስናካፍል 9.2 አምፔር እናገኛለን። ከሚጠበቀው ከረንት ሩብ የሚጠጋው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ያውም ምንም ሳይበላሽ፣ ሁሉም ዕቃ አዲስ ሆኖ፣ ሽቦው ስለቀጠነ ብቻ። በቁጥር 10፣ ከ5 ካሬ ሚሊሜትር በትንሹ በሚበልጠው፣ ብንተካው የሽቦው ተቃውሞ ወደ 0.12 ኦም ወርዶ ከረንቱ 10.7 አምፔር ይሆናል። በዚህ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር ልብ በሉ፤ ሱቅ ውስጥ ለመሳሳት የሚመቸው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ከኋላ የሆነ የናፍጣ ሞተርሆም ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ባትሪውም ብዙ ጊዜ ከኋላ ስለሆነ ከረንቱ መጀመሪያ ወደ ፊት፣ መቆጣጠሪያው ዘንድ ይሄድና ያንኑ ርዝመት ተመልሶ ወደ መጎተቻው ይመጣል። ለፒክአፕ ተብሎ የተዘጋጀ የሽቦ ጥቅል ገዝቶ ሞተርሆም ላይ መዘርጋት ፍሬንን ከወዲሁ መቀነስ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከሽቦዎቹ ሁሉ አብዝቼ የምሟገትለት ግን ነጩ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ማሳ የሚባለው የመመለሻ መስመር። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሲሸከሙ ነጩ የሁሉንም ድምር ይሸከማል፤ የፍሬኑን፣ የፍሬቻውን፣ የኋላ መብራቱን፣ የባትሪ መሙያውን። እንዲያም ሆኖ ከሁሉ የሚናቀው እሱ ነው። ጫፉ በአንድ ቡሎን ቀለም ከተቀባ ሻንሲ ላይ ታስሮ ይተዋል። ቀለሙና ዝገቱ በቡሎኑ ሥር ግማሽ ኦም ቢፈጥሩ፣ የሽቦውን ርዝመት ከነአካቴው ብንረሳው እንኳ 12 አምፔሩ ወደ 8 ይወርዳል። መመለሻው ሲደክም ከረንት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንዳንዴ በመጎተቻው ኳስ በኩል ይመለሳል፤ ብረት ከብረት ሲጣበቅ ያሳልፋል፣ መንገዱ ሲያነጥረው ይቋረጣል። አንዳንዴም በሌላ አምፖል ክር በኩል ይዞራል፤ ያን ጊዜ የግራውን ፍሬቻ ስታበሩ ቀኙም ፈዝዞ ብልጭ ይላል፣ ፍሬን ስትረግጡ የኋላ መብራቱ ይደበዝዛል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ተሳቢ አምፖል ቢቀየርለት ዋጋ የለውም፤ መፈተሽ ያለበት መመለሻው ነው። ነጩ ሽቦ ከፍሬኑ ሽቦ ሳይቀጥን፣ ከሶኬቱ እስከ ተሳቢው መገናኛ ሳጥን ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት፤ በሞተርሆሙም በኩል ቀለሙ ተፍቆ የብረቱ ገላ በታየበት ቦታ ይታሰር።

አንድ ሰው ተነስቶ «ተሳቢው ከመሰካቱ በፊት መስመሩን በቴስተር ለክቼዋለሁ፣ 12 ቮልት ደርሷል» ቢለኝ መልሴ ይህ ነው። ቴስተር ቮልት ሲለካ የሚወስደው ከረንት ከቁጥር አይገባም። ተሳቢው ሳይሰካ በሶኬቱ የፍሬን ቀዳዳ ላይ ቢለካ፣ ከሽቦው ክሮች አንዲት ብቻ ሳትበጠስ ብትቀር እንኳ ቴስተሩ ያንኑ 12 ቮልት ያነባል። ድመት ስለተሻገረበት ድልድዩ የጭነት መኪና ይችላል እንደማለት ነው። ሌላው ደግሞ «የዛሬው መቆጣጠሪያ ተሳቢ መሰካቱን በማሳያው ይናገራል» ይላል። እውነት ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ መስመር ሲኖር ማስጠንቀቁ ትልቅ ነገር ነው። ያልተቆረጠውን፣ ሩቡን ወይም ሲሶውን በመንገድ የሚያስቀረውን መስመር ግን ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። «ታዲያ የመቆጣጠሪያውን መጠን ከፍ ማድረግ ነው» የሚልም አለ። ይህ ለጊዜው ያስመስላል። መጠኑ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ግን የሚጨመር የለም፤ በዛገ መገናኛ የሚያልፈው ከረንትም እዚያው ሙቀት ይፈጥራል። 0.1 ኦም ተቃውሞ ያለው አንድ የሶኬት ጥርስ በሙሉ ፍሬን ጊዜ ከ10 ዋት በላይ ሙቀት ይሸከማል፤ ቀልጦ የተጣመመ ሶኬት የሚታየውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ሁለተኛው የማይታመን ምስክር የሽቦው ቀለም ነው። በሰሜን አሜሪካ ተሳቢዎች ላይ የተለመደው ባለ ሰባት ሶኬት የእያንዳንዱ ቀዳዳው ሥራ የታወቀ ነው። የሽቦዎቹ ቀለም ግን ሁለት ወግ አለው። አንደኛው ቡናማውን ለኋላ መብራት፣ ቢጫውን ለግራ፣ አረንጓዴውን ለቀኝ ይሰጣል። በመዝናኛ ተሽከርካሪ አምራቾች ዘንድ የቆየው ልማድ ደግሞ አረንጓዴውን ለኋላ መብራት፣ ቀዩን ለግራ፣ ቡናማውን ለቀኝ ያውላል። ሁለቱ የሚስማሙት ነጩ መመለሻ፣ ሰማያዊው የፍሬን በመሆናቸው ነው። ስለዚህ ቀለምን ከቀለም እያየ ያገናኘ ሰው የአንዱን የኋላ መብራት ከሌላው ፍሬቻ ጋር ያጋባል። ከከባድ መኪና ሙያ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል፤ በከባድ መኪናው ክብ ሶኬት ላይ ሰማያዊው ሽቦ የኤቢኤስ ኃይል መስመር ነው፣ ፍሬኑን የሚያሲዘው አይደለም። መፍትሔው አድካሚ ቢሆንም አንድ ነው፦ እያንዳንዱን ሽቦ ሥራው እየተፈተነ ለይቶ፣ ስሙን ጽፎ ለጥፎበት፣ ከዚያ ማገናኘት።

ስለ መብራቱ ራሱ ብዙ አልቆይም። የሞተርሆሙ ፍሬቻ ከፍሬን መብራቱ ተለይቶ ለብቻው ብርቱካንማ ከሆነ፣ ተሳቢው ግን ሁለቱን በአንድ አምፖል የሚያጣምር ከሆነ፣ በመካከል መለወጫ ሳጥን ያስፈልጋል። ሳጥኑ ኃይሉን በራሱ ፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪው የሚስብ ይሁን፤ የሞተርሆሙ የመብራት ሽቦዎች ምልክት ይስጡት እንጂ የተሳቢውን ጭነት አይሸከሙ። ሽፋኑን በጥርሱ ወግቶ ሽቦ የሚይዘውን ርካሽ መቆንጠጫ ደግሞ ከመኪና ሥር፣ ውኃና ጨው በሚረጭበት ቦታ፣ ፈጽሞ አልመክርም። ከሹፌሩ መቆጣጠሪያ ጋር የሚገናኘው ቀዩ የፍሬን ምልክት ሽቦ ላይም አንድ ማሳሰቢያ አለ። አንዳንድ የናፍጣ ሞተርሆሞች የጭስ ማውጫ ፍሬናቸው ሲሠራ የኋላውን የፍሬን መብራት ያበራሉ። መቆጣጠሪያው ምልክቱን ከዚያ መስመር ከወሰደና በጊዜ ቆጠራ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሹፌሩ ሳይረግጥ የተሳቢውን ፍሬን ይዞ ይቆያል፤ ሸራው ይግላል። እንዲህ ላለ መኪና የሚሻለው ፍጥነት መቀነሱን ራሱ እየለካ የሚመጥን መቆጣጠሪያ ነው።

ከሁሉ ጠንካራ የምለው ተቃውሞ ወዲህ ነው። «ሞተርሆሙ አሥር ቶን ይመዝናል፤ አንድ ቶን ተኩል ተሳቢ ምን ያደርገዋል?» የክብደቱ ስሌት ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ሞተርሆም ከነውኃው፣ ከነጓዙና ከነሰዎቹ ሲጓዝ ከተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት ብዙም አይርቅም፤ የራሱ ፍሬን የተመጠነውም ለዚያ ክብደት ነው። ትርፉን የሚሸከም ሌላ ፍሬን ከሌለ ቁልቁለት ላይ ሙቀቱ ሁሉ በሞተርሆሙ ፍሬን ላይ ያርፋል። ሕጉም ቢሆን ጎታቹ ከባድ ነው ብሎ አያልፍም። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች 3,000 ፓውንድ፣ 1,360 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ከሚመዝን ተሳቢ ጀምሮ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ያስገድዳሉ፤ ካሊፎርኒያ ለመኖሪያ ተሳቢዎች ከ1,500 ፓውንድ ትጀምራለች። ከክብደቱም በላይ የተሳቢ ፍሬን ሌላ ሥራ አለው። ተሳቢው በነፋስ ወይም በፍጥነት ከኋላ መወዛወዝ ሲጀምር፣ የሞተርሆሙን ፍሬን ሳይነኩ በመቆጣጠሪያው ማንሻ የተሳቢውን ብቻ ማሲዝ ወደ ኋላ እየጎተተ ቀጥ ያደርገዋል። ይህን ሊያደርግ የሚችለው የሞተርሆሙ ክብደት ሳይሆን እስካሁን የተነጋገርንበት ሰማያዊ ሽቦ ነው።

«ገመድ አልባ መቆጣጠሪያ ወጥቷል፣ የሽቦ ጣጣ አብቅቷል» የሚለውም መልስ ይሻል። ገመድ አልባ የሆነው ትእዛዙ ነው። ማግኔቶቹን የሚያንቀሳቅሰው 12 አምፔር በአየር አይሄድም፤ ከሶኬቱ የባትሪ ቀዳዳ ይወጣል፣ በነጩ ሽቦ ይመለሳል። ከዳሽቦርድ እስከ መጎተቻ አዲስ የፍሬን ሽቦ መዘርጋትን ማስቀረቱ ግን ለረጅም ሞተርሆም እውነተኛ ጥቅም ነው፣ አልክድም። የጀልባ ተሳቢ ላይ የሚገኘው በግፊት የሚሠራ የዘይት ፍሬንም እንዲሁ ከጎታቹ ከረንት ሳይጠይቅ ይይዛል። ሹፌሩ ግን ለብቻው ሊያሲዘው አይችልም፤ ብዙዎቹም ወደ ኋላ ሲነዱ ፍሬኑ እንዳይዝ የሚያደርግ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ ስላላቸው ሽቦው እዚያም አልቀረም።

የቆየውን ዘመን የሚጠቅሱም አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1959 ከኬፕ ታውን የተነሳው የኤርስትሪም ተሳቢዎች ጉዞ በዋሊ ባያም መሪነት አፍሪካን አቋርጦ በ1960 ካይሮ ገብቷል፤ በአገራችንም አልፎ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተጎብኝቷል። ያን ሁሉ መንገድ ያለ ዛሬው መቆጣጠሪያ ከተጓዙ እኛ ምን ያስጨንቀናል? ያ ዘመን ግን የዛሬው መመዘኛ ሊሆን አይችልም። ተሳቢዎቹን የጎተቱት ፒክአፕና መሰል መኪኖች ነበሩ፤ ከሹፌሩ እስከ መጎተቻው ያለው ሽቦ አጭር ነበር። መብራቶቹም ባለ ክር ነበሩ፤ መስመሩ ሲደክም አምፖሉ ፈዝዞ ቀይ ፍም መስሎ ራሱን ያጋልጣል። የዛሬው ኤልኢዲ በዛገው መገናኛ በኩልም ደምቆ ይበራል። መብራቱ በተሻሻለ መጠን ምስክርነቱ ደክሟል፤ ፍተሻችን ግን ባለበት ቆሟል።

የመጨረሻው መስመር ሲሠራ ማንም የማያየው ነው። ተሳቢው ከመጎተቻው ቢነቀል፣ ከሞተርሆሙ ጋር የታሰረች ቀጭን የብረት ገመድ ከተሳቢው ማብሪያ ላይ ፒን ትመዝዛለች፤ ማብሪያው የተሳቢውን የራሱን ትንሽ ባትሪ ከማግኔቶቹ ጋር ያገናኛል፤ ፍሬኑ ይይዛል። ለንግድ ተሽከርካሪዎች የወጣው የፌዴራል ደንብ ይህ ፍሬን ቢያንስ 15 ደቂቃ ይዞ እንዲቆይ ይጠይቃል። ባትሪዋ ከሞተርሆሙ የምትሞላው በሶኬቱ የባትሪ መስመር በኩል ከሆነና የዚያ መስመር ፊውዝ ከተቃጠለ፣ መብራቱም ሆነ ዋናው ፍሬን ምንም አይጎድልበትም። ባትሪዋ ግን ቀስ በቀስ ትሞታለች፤ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ መብራትም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት ተሳቢውን ከሶኬቱ ነቅሎ፣ ፒኑን መዝዞ፣ ትንሽ ወደ ፊት ለመሳብ መሞከር ያስፈልጋል። ጎማዎቹ ቆልፈው መጎተት አለባቸው። ሶኬቱ ሳይነቀል ይህን ማድረግ ተሳቢው በራሱ ባትሪ መያዙን አያረጋግጥም፤ መቆጣጠሪያውንም ሊጎዳ ይችላል።

ዋናውን መስመር ለመፈተን ደግሞ ሽቦውን ሳይቆርጥ ከውጭ አቅፎ የሚለካ የአምፔር መለኪያ ያስፈልጋል፤ ለተሳቢ ከሚወጣው ወጪ አንጻር ዋጋው ትንሽ ነው። ሞተሩ በርቶ፣ ተሳቢው ተሰክቶ፣ መቆጣጠሪያው ሙሉ መጠን ላይ ሆኖ ማንሻው ሲያዝ፣ መለኪያው በተሳቢው ሰማያዊ ሽቦ ላይ ለአራት ጎማ 12 አምፔር ገደማ ማንበብ አለበት። 11 ቢያነብ ርዝመቱ የበላው ነው፤ ሊታለፍ ይችላል። 9 ካነበበ ግን ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ወይ ከአራቱ ማግኔቶች አንዱ ሞቷል፣ ወይ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ዝጓል። ማንሻው እንደተያዘ ማግኔቶቹ ዘንድ ያለውን ቮልት መለካት ሁለቱን ይለያቸዋል። እዚያ 12 ቮልት ገደማ ካለ መስመሩ ደህና ነውና ታምቡር ይከፈት፤ 9 ቮልት ብቻ ከደረሰ ግን ማግኔቶቹን ትቶ መጀመሪያ ነጩ ሽቦ የታሰረበትን ቡሎን መፍታት ይሻላል።